የማልሸጠውን ያሳወቀኝ ሳል

በእኛ ሰፈር ሲስል የተሰማ ሰው «እግዜር ይማርህ» አይባልም፤ «ስንት ጆንያ አወጣህ?» ነው የሚባለው። በአዊ፣ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብለን ያለን ሰዎች ኑሯችን ዲከረንስ በሚባለው ዛፍ ላይ የቆመ ነው። እንተክለዋለን፣ ሲደርስ እንቆርጠዋለን፣ ከምረን በሣርና በአፈር ከድነን እናከስለዋለን። ጢሱን ስንምግ፣ ብናኙን ስንውጥ ስለምንውል ሁላችንም እንስላለን፤ የምንተፋውም ጥቁር ነው። እኔም ሳል ሲጀምረኝ እንደማንኛውም ሰው «ያው የከሰል ሳል ነው» አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ስሜ ምኒችል ነው። አስረኛ ክፍልን ጨርሼ ከሰል ውስጥ የገባሁ፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ሐኪም አይደለሁምና የሆነብኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ሳሉ የጀመረኝ በክረምቱ መጨረሻ ነው። መስከረም ጠብቶ ብርዱ ሲቀል ይተወኛል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ባሰበት። ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኛል፤ በእኛ አገር ብርድ ተኝቶ የሚያልበው ሰው ማን አለ? ባለቤቴ ይታይሽ ጠዋት ጠዋት አንሶላውን ስታሰጣ «አንተ ሌሊቱን የት ስትሮጥ ነው የምታድር?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ቀልዱ ያለቀው ሱሪዬ አልያዝ ሲለኝ ነው። ቀበቶዬን በምስማር እየበሳሁ አጠብቀው ጀመር። ደም መትፋት የጀመርኩት መቼ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አክታዬ ጥቁር ስለነበር ደሙ አይለይም። እንደ እኔ ከሰል የምታከስሉ ሰዎች ይህችን ልብ በሉልኝ። መሬት ላይ አትትፉ፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ትፉና እዩት።

መጀመሪያ እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ። ላቡ ሲብስብኝ «አየህ፣ እየወጣልህ ነው» አለች። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደሜ ታየና ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ ተባልኩ። በአገራችን እነዚህ ሁለቱ የሌሉበት ሰው ያለ አይመስለኝም። የተሰጠኝን ክኒን ጨረስኩ፤ ጥቂት ቀን ቀለል አለኝና ተመልሶ መጣ። ሌላው ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው አለ፤ መርፌ ተወጋሁ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው አለ፤ ከበርበሬ ተከልክዬ አልጫ ስበላ ከረምኩ። በየቦታው የሚገጥመኝ አንድ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ስጠብቅ እውላለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ «ሥራህ ምንድን ነው?» እባላለሁ፣ «ከሰል» እላለሁ። ባለሙያው ቀና ብሎ ያየኝና «እሱ ነዋ» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀኝ የለም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ቤቴ ሆኜ ያልኩት ያንኑ ነው። ለዚህ ሁሉ ዙረት አንዲት ጊደር ተሸጣለች፤ ስለ ወጪው ይህን ብቻ ልበል።

የሥራ ባልደረባዬ ዋሴ ይባላል። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ነን፤ ዛፍ ስንቆርጥ በወንፈል፣ ክምር ስንጠብቅ በአንድ ጎጆ። ጎጆዋ ለሁለት ሰው ጠባብ ናት። ብርድ እንዳይገባ በሯን በማዳበሪያ እንጋርዳለን፣ ቀዳዳዋን በሣር እንወትፋለን። ከእኔ ቀጥሎ ክፉኛ የሚስለው እሱ ነበር። እኔ ስጀምር እሱ ስለሚቀበለኝ የሰፈሩ ሰው «ካህናቱ ገቡ» እያለ ያሾፍብን ነበር።

አንድ ቀን የነጭ ጆንያ አፍ ስሰፋ ሳሉ መጣብኝና ጆንያው ላይ ሳልኩ። ቀና ስል ዋሴ ጆንያውን እያየ ነው። ቀይ ነው። «አንተዋ፣ ይኸ የከሰል አይደለም» አለኝ። አፌን በእጅጌዬ ጠርጌ ቁጭ አልኩ። ዋሴ ጋሪ ለምኖ፣ ከጋሪ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ሚኒባስ እያሸጋገረ እንጅባራ ሆስፒታል አደረሰኝ። መጠበቂያው ላይ እሱ ደግፎኝ ቆሞ ሁለታችንም ስንስል አንዲት ነርስ መጣችና «ታማሚው የትኛችሁ ነው?» አለች። ዋሴ ሳቀ። «እኔ አስታማሚ ነኝ፣ እታለም» አላት። የእኔን ስም ብቻ ጻፈች።

ራጅ ተነሣሁ፤ ሳንባዬ ተጎድቶ ከሥሩ ውሃ ቋጥሯል። አክታዬ በማሽን ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ያቺው ነርስ፣ ሲስተር ሙሉ፣ አልጋዬ አጠገብ መጥታ «ቲቢ ነው» አለችኝ። እናቶቻችን የሳንባ ነቀርሳ የሚሉት ነው። «መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳታቋርጥ ከዋጥኸው ትድናለህ» ብላ ቀጠለች፤ እኔ ግን ከ«ቲቢ» በኋላ ያለችውን ብዙውን አልሰማሁም። በእኛ ዘንድ ይህ በሽታ የዘር ነው ይባላል። አንድ ቤት ከገባ የዚያ ቤት ልጅ ባል አታገኝም፣ የዚያ ቤት ጽዋ አይነሳም። ሞትን ከመፍራቴ በፊት የፈራሁት ስሙን ነው።

ያስተኙኝ ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች በተለየ ክፍል ነው። እንጅባራን የምታውቁ ብርዷንና ጭጋጓን ታውቃላችሁ። በዚያ ብርድ የክፍሉ መስኮቶች ቀን ከሌት ተከፍተው ይቀራሉ። ሲስተር ሙሉ ትከፍታለች፣ እሷ ዘወር ስትል እኛ እንዘጋለን፣ ተመልሳ መጥታ ትከፍታለች። «ብርድ ሊገድለን ነው» ስንላት «ብርድ አይደለም የሚገድላችሁ፣ የታፈነ አየር ነው» አለችን። በሽታው በትንፋሽና በሳል አየር ላይ እንደሚወጣ፣ በተዘጋ ቤት እንደሚከማች፣ አብሮ የሚያድር ሰው እንደሚስበው ያስረዳችኝ ያን ጊዜ ነው። ልጄ ብርቱካንና ይታይሽ ተመረመሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልተገኘባቸውም፤ ለልጅቱ መከላከያ ክኒን ተሰጣት። ከዚያ ሲስተር ሙሉ «ሌላስ? በተዘጋ ቤት አብሮህ የሚያድር፣ አብሮህ ብዙ የሚቆይ ማን አለ?» አለች። እኔ ያችን ጎጆ አሰብኩ፣ በሣር የወተፍነውን ቀዳዳ።

«ንገራቸው» አለችኝ። «እኛም ልንጠራቸው እንችላለን። ካንተ አፍ ቢሰሙት ግን ይሻላል።»

«እሺ» አልኳት።

በማግስቱ ይታይሽ ምሳ ይዛ መጣች። ይታይሽ ከሰል ለሚሠራውና ለሚጭነው ሰው ጠላ ትሸጣለች፤ ቤታችን የቆመው ግማሹን በእኔ ግማሹን በእሷ ነው፤ አሁን እኔ ተኝቼ ሁሉም በእሷ ሆኗል። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ነቀርሳ የሚለው ቃል ካንተ አፍ እንዳይወጣ» አለችኝ። «አንድ ሰው ከሰማ ማን እኔ ዘንድ ገብቶ ይጠጣል? ውሃ ቋጥሮ ነው በል። ውሸትም አይደል፣ ውሃ ቋጥሯል።»

እውነቷን ነበር፤ ውሃውን ከጀርባዬ በመርፌ ሲቀዱት በዓይኔ አይቻለሁ። እሷንም «እሺ» አልኳት። ከሰዓት በኋላ እናቴ መጣችና ክኒኑን አስቀምጬ ጠበል እንድገባ ለመነችኝ፤ እያለቀሰች ስለነበር እሷንም «እሺ» አልኳት።

እዚህ ላይ ስለ አቅም ማጣት ልንገራችሁ። የሚያመው መርፌው ብቻ አይደለም። ወደ ሽንት ቤት ሰው ደግፎኝ ነው የምሄደው፤ መቼ እንደምበላ፣ መቼ እንደምታጠብ ሌላ ሰው ይወስናል። ሌሊት ትንፋሼ ሲያጥር ጣሪያውን እያየሁ ከጎኔ ያሉት ሰዎች መተንፈስ አለመተንፈሳቸውን አዳምጣለሁ። የመጣ ሁሉ ለእኔ የሚበጀኝን ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። ስለዚህ ሁሉን እሺ ብዬ እሰዳለሁ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ የዳንግላው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ኑሩ ተኝተዋል። ቲቢውም ስኳሩም ተባብረውባቸው ሰውነታቸው አልቋል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። እናቴ ከወጣች በኋላ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ልጄ፣ አንዱን ዕቃ ለሦስት ሰው ሸጥኸው» አሉኝ።

«ምን ላድርግ ሐጂ? እርስዎስ ቢሆኑ?»

«እኔ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት የማልሸጠውን አውቃለሁ። የሚሸጠውንማ ገበያው ራሱ ይነግረኛል። አንተ የማትሸጠው ምንድን ነው?»

ቀላል ጥያቄ መሰለኝ። ሃይማኖቴን፣ ቤተሰቤን፣ ክብሬን፣ ጓደኞቼን፣ መሬቴን፣ ጤናዬን ብዬ ደረደርኩላቸው። ሐጂ ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያባራላቸው ጠበቅሁ። «ይኸ ሁሉ የማይሸጥ ከሆነማ ሱቅህን ዝጋው» አሉ። «እየው፣ እውነቱን ብትናገር የሚስትህ ገበያ ሄደ። ብትዋሽ ያ ክብር የምትለው ሄደ። አንዱን ትሸጣለህ፣ ወደድክም ጠላህም። እኔ የምጠይቅህ ሁሉም ቢሄድ እጅህ ላይ የሚቀረውን ነው።»

«የእርስዎ ምንድን ነው?»

«ሜትሬን አላጎድልም። ልጆቼ በተራቡ ጊዜም አላጎደልኩም። ሌላውን እንደ ገበያው ነው፤ የማልወደውን ሰው ናፍቀኸኛል እላለሁ፣ የማይስቅ ወሬ ሲያወሩኝ እስቃለሁ። ሜትሯን ግን አልነካም።»

ያን ቀንና ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሳስብ ዋልኩ። ሌላ ሥራ ስላልነበረኝም ነው። በሬዲዮ «እሴት፣ እሴት» ሲሉ እሰማለሁ፤ ትምህርት ቤትም ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ የእኔ የቱ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ክብር ያልኩትን ሳገላብጠው ሰው ምን ይለኛል ማለቴ ሆኖ አገኘሁት። መሬቴን ያልኩት ከአባቴ ስለተቀበልኩት ነው፤ ቢቸግረኝ አከራየዋለሁ፣ አከራይቼውም አውቃለሁ። እንዲህ አንድ አንዱን ስጥል ስጥል መጨረሻ ላይ የቀረው እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሬው የማላውቀው የከሰል ሥራ ወግ ነው።

ክምር ሲነድ ተራ በተራ ይጠበቃል። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ይነቃል። አፈሩ ተሰንጥቆ እሳት ከወጣ ከሰሉ አመድ ይሆናል፤ ጢሱ ወደ ጎጆው ከዞረ ደግሞ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በጢስ ታፍኖ የሞተ ሰው በየመንደሩ ይወራል። ስለዚህ ተረኛ የሆነ ሰው ክምሩ ቢነድበትም፣ ጥፋቱ የራሱ ቢሆንም፣ ሊሰደብ እንደሚችል ቢያውቅም፣ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ከዚያ ቦታ አይሄድም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ዋሴንም ማንም አላስተማረውም፤ ግን ስንት ጊዜ በእግሩ ጎሽሞ ቀስቅሶኛል።

ለሐጂ ነገርኳቸው። «የተኛ ሰው ጥዬ አልሄድም። ሌላውን ልሽጥ።»

«አንድ ይበቃሃል» አሉ። «ዋጋው ግን ቀላል እንዳይመስልህ።» ከጥቂት ቀን በኋላ እግራቸው ቆስሎ ወደ ባሕር ዳር ተላኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሳቸው የሰማሁት የለም።

ከዚያ በኋላ ውሳኔው ቀለለኝ ብል እዋሻለሁ። ማድረግ ያለብኝን ማወቄ ይታይሽን ከመፍራት አላዳነኝም። ለእናቴ ጠበሉን እንደምጠጣ፣ ክኒኑን ግን እንደማላቋርጥ ነገርኳት፤ እሷ ተስማማች። ለይታይሽ እውነቱን እንደምናገር ስነግራት ሳህኖቹን ሰበሰበች፣ በነጠላዋ ቋጠረች፣ በሩ ላይ ደርሳ ዞረችና «እንግዲያ የጠመቅሁትን ጠላ አንተው ትጠጣዋለህ» አለችኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ መድኃኒቱን ከጀመርኩ ሳምንታት አልፈው ስለነበር ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፌ ነገር ብዙም እንደማያሰጋ ሲስተር ሙሉ ነግራኛለች። እንዲያም ሆኖ በወር በወር የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር ሲደርስ አፌን ሸፍኜ ሄድኩና በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዋሴም ከማኅበርተኞቹ አንዱ ነው። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሣሁ። የታመምኩት ቲቢ መሆኑን፣ ይህ ቤት ተዘግቶ አብረን እንደምናመሽ፣ የሚስል ሰው ካለ መመርመር እንዳለበት ተናገርኩ። አስተናጋጇ ለእኔ ለብቻዬ ጣሳ ፈልጋ አመጣች። በሽታው በጽዋ ሳይሆን በአየር እንደሚተላለፍ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሁሉም ጽዋዋን እንጂ እኔን አያዩም።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው። «መመርመር ያለ ነው፣ እንሄዳለን» አሉና ነገሩን አበረዱት። ከማኅበርተኞቹ የበዙት ጤና ጣቢያ ሄዱ። አንዲት እናት ላይ ገና ሳይጠና ተገኘና መድኃኒቷን ጀመረች፤ ዛሬ ደህና ናት። ባገኘችኝ ቁጥር ጉልበቴን ልትስም ትጎነበሳለች፣ እኔ እሸሻለሁ። ዋሴ ግን አልሄደም።

የዚያን ቀን ወደ ቤት አብረን ነበር የተመለስነው።

«አንተዋ፣ ያን ሁሉ ያልኸው እኔን ነው?» አለኝ።

«አንተን ነው። አንድ ጎጆ ነው ያደርን።»

«የእኔ የከሰል ሳል ነው። አባቴም ሲስል ነው የኖረ።»

«አባትህ በምን ሞቱ?»

ትንሽ አሰበ። «ሲስል» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ሳቁን ሳይጨርስ ሳሉ ያዘውና አጥር ተደግፎ ቆመ። ሲያባራለት ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። «ልጄ እንደታጨች ታውቃለህ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሠርጓ ለፋሲካ ማግስት ነው። አባቷ ነቀርሳ አለበት ከተባለ የዘር ነው ብለው ይመልሷታል። አንተ የራስህን ተናገርህ፣ ደግ አደረግህ። የልጄን ግን አትንካብኝ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሱም የማይሸጠው ነበረው። ሐጂ ይህን አልነገሩኝም፤ ወይም እኔ አልጠየቅኋቸውም። የእኔና የእሱ ሲጋጩ የማን እንደሚበልጥ የሚፈርድ ሰው አጠገቤ አልነበረም። እኔ ሴት ልጅ አለችኝ፤ በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አውቃለሁ። ቢሆንም ዝም ብል ሞቱን እያየሁ ነው። «ማታ ሂድ፣ ሰው ሳያይህ። እንጅባራ ሩቅ ነው፣ ማን ያውቅሃል?» አልኩት። «እንጅባራ የልጄ አማቾች አገር ነው» አለና ጥሎኝ ሄደ።

ለቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነገርኳት። በቀስታ ሄዳ እንድታናግረው ለመንኳት፤ እሷም ልጆች ልታስከትብ የመጣች መስላ ነበር የሄደችው። ገና አክታ ስትል ከግቢው አስወጣት። በማግስቱ መንገድ ላይ ጠብቆ አገኘኝ። አልጮኸም። «ስሜን ሰጠህ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ተቋረጠ። ለሠርጉ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠራ እኔና ይታይሽ አልተጠራንም። ከበሮውን ከቤታችን ሆነን ሰማነው። ልጅቱ ባሏ ቤት በሰላም ገባች፤ በዚያ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

የእኔ ሕክምና እንዲህ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየጠዋቱ ጤና ኬላ ሄጄ እያዩኝ ክኒኑን እውጣለሁ። ክኒኑ ሽንትን ቀይ ያደርጋል፤ ማንም ካልነገራችሁ ደም መስሏችሁ ልትደነግጡ ትችላላችሁ፣ አትደንግጡ። ሆዴን ያጥወለውለኛል፣ መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል። ከሁለት ወር በኋላ ደህና የሆናችሁ ይመስላችኋል፤ ያን ጊዜ የሚያቋርጥ ሰው ነው ክፉኛ የሚመለስበት። መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት መድኃኒቱ ይመጣ ይሆን አይመጣ ይሆን እያልኩ በር በሩን ሳይ የዋልኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ኤክስቴንሽኗ በእግሯም ቢሆን አምጥታልኛለች።

የይታይሽ ጠላ ቤት እንዳለችው ባዶ ሆነ። ጋኗን ደፍታ አስቀመጠችና ድንች እየገዛች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትሸጥ ጀመር። ለብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችኝም። ክኒኔን ቤት መዋጥ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሰዓቱን አንድም ቀን ረስታው አታውቅም፤ ውሃውን በጣሳ ይዛ ከፊቴ ትቆምና እስክውጠው ታየኛለች፣ ከዚያ ሳትናገር ትሄዳለች። ልክ ነበርክ ብላኝ አታውቅም፤ እንድትለኝም አልጠብቅም። የከፈለችው እሷ ናት።

ስድስቱ ወር አልቆ አክታዬ ሲመረመር ነጻ ነህ ተባልኩ። ሲስተር ሙሉ እጄን ጨበጠችኝ። ሳንባዬ ላይ ግን ጠባሳው ቀርቷል፤ ዛሬ ጆንያ አልሸከምም፣ ዳገት ላይ ቆም ቆም እላለሁ። ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ ዲከረንሱንም በሽታ ያዘው። ቅጠሉ እየጠወለገ በቁሙ ደረቀ፣ የከሰሉ ሥራ ቆመ፤ ሰውም ወደየአቅጣጫው ተበተነ። ዋሴ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ። መሄዱን የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው። ሚስቱን ሄጄ ጠየቅኋት፤ በመተማ በኩል ይሁን በሌላ አታውቅም፣ ስልክም አልያዘም። «ሳሉስ?» ስላት ፊቷን አዞረች።

ሰዎች ዓላማህን ካወቅህ፣ የምትቆምለትን ከለየህ ሁሉም ይስተካከላል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ላይ እንዲያ አልሆነም። የማልሸጠውን አወቅሁ፤ በእሱም ብዙ ነገር ወሰንኩ፤ አንዲት እናት ዳነች፣ ሚስቴ ገበያዋን አጣች፣ ጓደኛዬ ጠላኝ። ራሴን ስጠይቅ ደግሜም እነግረው ነበር። ከዚያ ያለፈ ግን በእጄ አይደለም። ሰውን ትጮህበታለህ፣ ትለምነዋለህ፤ ተነሥቶ የሚሄደው ግን በራሱ እግር ነው።

ዋሴ ከወረደ ሁለተኛው መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ባለፈው ሰሞን ማለት ነው፣ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። «አንተዋ፣ አለህ?» አለኝ። ድምፁ ከስቷል፤ እሱ መሆኑን ያወቅሁት በ«አንተዋ» ነው። እናቴን ጠየቀኝ፣ ብርቱካንን ጠየቀኝ፣ ይታይሽን ጠየቀኝ። ያለፈውን አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። እንባዬ መጥቶ ስለነበር ቶሎ ብዬ «ሳሉስ?» አልኩት። «ያው ነው እንግዲህ፣ የከሰል ሳል መች ይለቃል» አለና ሳል ያዘው። ሳሉ ሳያባራ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ሌላ ሰው አነሣ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ስልኩን ለምኖት እንደነበር፣ ደውሎ ሲጨርስ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር መኪና ላይ ተሳፍሮ እንደሄደ ነገረኝ። ወዴት እንደሆነ አላወቀም።

እናንተ በቆላው አገር ሰሊጥ የምታጭዱ፣ በሰፈራችሁ የቀን ሠራተኛ የምታሳድሩ ሰዎች፣ ከአዊ የመጣ ረጅም ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሲቆጣ በአዊኛ የሚያጉተመትም፣ «አንተዋ» ሳይል ወሬ የማይጀምር ከሆነ፣ እባካችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጁ መውለዷን ንገሩት፣ ወንድ ነው፤ ባሏም ደህና ይዟታል፣ አሁን ማንም አይመልሳትም። ሳሉን ስትጠይቁት የከሰል ነው ይላችኋል። አትመኑት፤ ከሰል በእጁ ከነካ ዓመት አልፎታል።